ጨጓራን የሚያቆስሉ ጀርሞች፦ የተለመደውና ያልተለመደው

(በዋልዳ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች በአስተማሪዎች በኩል የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



 ዛሬ የምንነጋገርበት ርዕስ በየቤታችን ስሙ በየቀኑ የሚጠራ ሕመም ነው፤ ጨጓራ። እኛ አስተማሪዎች ነን፤ ሐኪሞች አይደለንም። የምናቀርብላችሁ ከጤና ሠራተኞች የሰማነውንና ከመጻሕፍት ያነበብነውን ሁላችንም በሚገባን ቋንቋ አድርገን ነው። መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ የጤና ባለሙያ ሥራ ስለሆነ ከዚህ ስብሰባ ወጥቶ በራሱ ፈቃድ መድኃኒት የሚጀምር ሰው እንዳይኖር ከአሁኑ እናሳስባለን።

ከወገኖቻችን ብዙዎቹ «ጨጓራዬን የላጠው ሐሳብ ነው» ይላሉ። እንዲህ ቢሉ አይፈረድባቸውም። አገርን ትቶ መምጣት፣ የቤተሰብ መበታተን፣ ነገ ምን እንደሚሆን አለማወቅ ሆድ ውስጥ ይገባል። ሐሳብ ሕመሙን እንደሚያብሰው ሐኪሞችም አይክዱም። ነገር ግን ሕመሜ ከሐሳብ ብቻ የመጣ ነው ያለ ሰው ሐሳቡ እስኪለቀው፣ ማለትም ወደ አገሩ እስኪመለስ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር እስኪሄድ ድረስ ሕመሙን ችሎ ይቀመጣል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ስደት መቼ እንደሚያልቅ ማንም ቀን ሊቆርጥለት አይችልም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወደዚህ ዋልዳ የመጡ ወገኖቻችን ጥቂት ወራት ቆይተን እንመለሳለን ብለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ ካኩማ ተዛወሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ረጅም ዓመታት በስደት ቆዩ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከሞያሌ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻገሩ። የታመመ ጨጓራ ይህን ሁሉ ዓመት አይጠብቅም። ደስ የሚለው ነገር መጠበቅም አያስፈልገውም፤ አብዛኛው የጨጓራ ቁስለት የታወቀ ምክንያት አለው፤ ይድናልም።

ቁስለት ምንድን ነው?

ጨጓራችን ምግብ የሚፈጭ ኃይለኛ አሲድ ያመነጫል። አሲዱ ጨጓራውን ራሱን እንዳይበላው ውስጡ በዝልግልግ ሽፋን ተለብጧል። ይህ ሽፋን ሲሳሳ አሲዱ ሥጋውን ያገኘዋል። መጀመሪያ ይቆጣል፤ ይህ የጨጓራ መቆጣት ይባላል። ሲብስ ሥጋው ይቦረቦርና ቁስል ይሆናል፤ ይህ የጨጓራ ቁስለት ነው። ቁስሉ ከጨጓራው ቀጥሎ በሚገኘው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይም ይወጣል። በአገራችን በዚህ በሁለተኛው ቦታ የሚወጣው ቁስለት ብዙ ነው። ለብዙ ዓመት ሳይታከም ሲቀር የጨጓራው መውጫ በጠባሳ ጠብቦ ምግብ አላሳልፍ እስከማለትና ቀዶ ሕክምና እስከመጠየቅ ይደርሳል።

ምልክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከእምብርት በላይ ማቃጠል፣ ሲርብ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ መቀስቀስ፣ ሆድ መንፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግሳት።

ጀርሙ እንዴት ታወቀ?

ለብዙ ዘመን ሐኪሞችም እንደ እኛው ቁስለት ከሐሳብ፣ ከቅመምና ከአሲድ ብዛት ይመጣል ይሉ ነበር። ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ የተነሣ ጀርም እዚያ ሊኖር አይችልም ተብሎም ይታመን ነበር። ፐርዝ በተባለችው የአውስትራሊያ ከተማ ሮቢን ዋረን የተባለ ሐኪም ከሕሙማን ጨጓራ በተወሰዱ ቁራጮች ላይ የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎችን በማይክሮስኮፕ ደጋግሞ አየ። ባሪ ማርሻል የተባለ ወጣት ሐኪም አብሮት ሥራውን ያዘ። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማብቀል ብዙ ጊዜ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ሳህኖቹ ሁለት ቀን ታይተው ይጣሉ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1982 የፋሲካ በዓል መጣና ሳህኖቹ ሳይነኩ አምስት ቀን ያህል ቆዩ። ሠራተኞቹ ከበዓል ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሎ አገኙት። ለካ የሚያስፈልገው ትንሽ ጊዜ ነበር።

ያም ሆኖ ያመናቸው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ራሱ ጠጣው። ከቀናት በኋላ ማስታወክ ጀመረው፤ ጨጓራው ሲመረመርም ተቆጥቶ ተገኘ። በኋላ ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚል ስም ተሰጠው፤ እኛ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም ይህ ባክቴሪያ የጨጓራ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል እንደሆነ አስታወቀ። ሁለቱ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ባክቴሪያው በአሲድ መካከል የሚኖርበት ዘዴ አለው። በዙሪያው ያለውን አሲድ የሚያበርድ አሞኒያ ያመነጫል። በዶፍ ዝናብ መካከል ድንኳን ተክሎ እንደተጠለለ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ከዚያም ዝልግልጉ ሽፋን ውስጥ ሰርስሮ ይገባና ለዓመታት ይቀመጣል።

በአገራችን በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከሁለት ሰው አንዱ ያህል ይህ ባክቴሪያ ያለበት ሆኖ ተገኝቷል። በኬንያም ብዙ ነው። ይህን ስትሰሙ አትደንግጡ። ባክቴሪያው ካለባቸው አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ቁስለት የሚይዛቸው ከአሥር አንዱ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ነው። ስለሆነም ሕመም የማይሰማው ሰው ሁሉ ለምርመራ ይሰለፍ አንልም። የሚያመው ሰው ግን አይቀመጥ።

ያልተለመዱት ጀርሞች

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንግባ። ከመካከላችን መድኃኒቱን በሚገባ ጨርሶ ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው አለ። ምርመራው ኤች ፓይሎሪ የለብህም ብሎት ቁስሉ ግን ያለ ሰውም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሐሳቡ ይመለሳል፤ ወይም ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ ይገዛል። ነገሩ ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ማወቅ አለብን።

አንደኛ፣ ከእንስሳት የሚመጣ የኤች ፓይሎሪ ዘመድ አለ። ሄሊኮባክተር ሃይልማኒ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩ ባክቴሪያዎች በውሻ፣ በድመትና በአሳማ ጨጓራ ይኖራሉ። በሰው ጨጓራ መገኘታቸው የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከኤች ፓይሎሪ ይረዝማሉ፤ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዙ ናቸው። በሰው ላይ የሚገኙት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው፤ ጨጓራቸው ከተመረመረ መቶ ሰዎች በአንዱ እንኳ ላይገኙ ይችላሉ። ለኤች ፓይሎሪ የሚደረገው የሰገራ ምርመራ እነዚህን ላያገኛቸው ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚታወቁት ከጨጓራ በተወሰደ ቁራጭ ላይ በማይክሮስኮፕ ነው። ሕክምናቸው ለኤች ፓይሎሪ ከሚሰጠው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ሁለተኛ፣ ቲቢ ነው። ቲቢ ሲባል ሁላችንም ሳንባን እናስባለን። ይሁን እንጂ ቲቢ ወደ አንገት እጢ፣ ወደ አጥንት፣ ወደ አንጀትም ይገባል። በአገራችን ከሳንባ ውጭ የሚታየው ቲቢ ብዙ እንደሆነ የታወቀ ነው። ጨጓራን ራሱን ማቁሰሉ ብርቅ ነው፤ አሲዱ ስለሚከላከለው ነው። አንጀትን ግን ከዚያ ይበልጥ ያጠቃል፤ ሕመሙም የሆድ ሕመም ስለሆነ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ወራት ሊያልፉት ይችላሉ። ስለዚህ የሆድ ሕመም ከክብደት መቀነስ፣ ማታ ማታ ከሚያጠምቅ ላብ፣ ከማይለቅ ትኩሳት ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሳል ጋር ሲመጣ ጨጓራ ነው ብለን ማለፍ የለብንም። በቤቱ የቲቢ ሕመምተኛ ያለ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። የቲቢ መድኃኒት በኬንያም በኢትዮጵያም ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደውም ለስድስት ወር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወተት አንድ ነገር እንበል። የከብት ቲቢ ካልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። የምንኖረው በከብት፣ በግመልና በፍየል አርቢዎች መካከል ነው፤ ወተቱም በረከት ነው። በተለይ ለልጆች ስንሰጥ አፍልተን እንስጥ። ማገዶ ውድ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም አንድ ጊዜ ፈልቶ እስኪነሣ ማቆየት ይበቃል፤ ከሌላ በሽታም ያድናል።

ሦስተኛ፣ ቂጥኝ ነው። በጣም ጥቂት ጊዜ ቢሆንም የቂጥኝ ጀርም ጨጓራን እንደሚያቆስል በሕክምና ይታወቃል። በደም ምርመራ ይለያል፤ በፔኒሲሊን ይድናል። ይህን የምንናገረው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ሐኪም የደም ምርመራ ሲያዝ «ለጨጓራዬ ይህ ለምን?» ብለን እንዳንሸሽ ነው።

ከጀርም ውጭ ደግሞ በእኛ መካከል በጣም የተለመደ ምክንያት አለ፤ የሕመም ማስታገሻ። ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና አስፕሪን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ያደማሉም። ለወገብና ለጉልበት ብለን ከሱቅ እየገዛን በየቀኑ የምንውጠው ኪኒን ይኸው ነው። ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ የምንውጠውን ሁሉ እንንገረው፤ ከተቻለ ማሸጊያውን ይዘን እንሂድ። ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ጨጓራን እንደነዚህ አይጎዳም። በርበሬ፣ ቡናና በባዶ ሆድ የሚቃም ጫት ደግሞ የታመመውን ያስቆጣሉ፤ ሲጋራ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል።

ምርመራውን ስናደርግ

ለኤች ፓይሎሪ የሰገራና የደም ምርመራ አለ። የደሙ ምርመራ ሰውነታችን ከባክቴሪያው ጋር መገናኘቱን ብቻ ስለሚያሳይ ከዳንን በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። በደም ምርመራ ብቻ «አልዳንኩም» ብሎ መድኃኒት መድገም ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። የሰገራው ምርመራ አሁን ያለውን ያሳያል። ነገር ግን ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ኦሜፕራዞል የወሰደ፣ ወይም ባለፉት አራት ሳምንታት ፀረ ባክቴሪያ የዋጠ ሰው ባክቴሪያው እያለበት «የለም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ምን እንደወሰድንና መቼ እንደወሰድን ሳንደብቅ እንናገር።

ያልተለመዱትን ጀርሞች በእርግጥ ለመለየት ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋል። ይህ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራ የሚታይበትና ትንሽ ቁራጭ ለምርመራ የሚወሰድበት ዘዴ ነው። የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። ወደዚያ መላክ ጊዜ እንደሚፈጅ እናውቃለን፤ ሁሉም የሆድ ሕመምተኛም አያስፈልገውም። በመሆኑም ወረፋው በእርግጥ ለሚያስፈልጋቸው እንዲደርስ የመጀመሪያውን ሕክምና በሚገባ መጨረስ ለጎረቤትም የሚደረግ ውለታ ነው።

መድኃኒትን ስለመካፈል

ከሁሉ የከበደው ነገር ይህ ነውና ጥቂት እንቆይበት።

ለኤች ፓይሎሪ የሚሰጠው አንድ መድኃኒት ብቻ አይደለም። አሲድ የሚቀንስ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ፣ ከእርሱም ጋር ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሌሎች መድኃኒቶች አንድ ላይ ይታዘዛሉ፤ ለምሳሌ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን፣ ወይም ሜትሮኒዳዞል፣ ቴትራሳይክሊንና ቢዝመዝ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰዱት ለ14 ቀን ነው። ብዛቱ ያሰለቻል፤ አፍን ያመርራል፤ ያቅለሸልሻል። በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ቀለል ሲል ሰው ያቆማል።

ሌላም አለ። በአንድ ድንኳን ውስጥ ሦስት ሰው ሆዱን ያመዋል፤ መድኃኒት ያገኘው አንዱ ነው። ያለውን መካፈል ያደግንበት ባሕል ነው። ለብቻ መብላት ነውር በሆነበት ቤት ኪኒንን ለብቻ መዋጥ ይከብዳል። እናት ለልጇ ትከፍላለች፤ ወንድም ለወንድሙ ይሰጣል። ይህን የምናደርገው ከፍቅር የተነሣ ነው። መድኃኒት ግን እንደ እንጀራ አይደለም። እንጀራ ለሦስት ሲቆረስ ሦስቱም ትንሽ ይጠግባሉ። የ14 ቀን መድኃኒት ለሦስት ሲከፈል ግን ሦስቱም አይድኑም። ደካማው ባክቴሪያ ይሞትና ብርቱው ይተርፋል፤ የተረፈውም ያንን መድኃኒት ይለምዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ያው መድኃኒት አይሠራም። በአፍሪካ ሜትሮኒዳዞልን የለመደ ኤች ፓይሎሪ በብዛት የሚገኘውም መድኃኒቱ ለሌላ ሕመም ሁሉ እንደልብ ሲዋጥ ስለኖረ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው መድኃኒት እዚህ ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ወንድማችሁን የምትወዱት ከሆነ ኪኒን አትስጡት፤ እጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያው ውሰዱት። ወረፋ ያዙለት፤ ቋንቋ ካላወቀ አስተርጉሙለት። ልጆቹን እየጠበቃችሁለት ይታከም። መካፈል ማለት ይህ ነው።

መድኃኒቱን ስንወስድ ደግሞ የሚከተለውን እናስታውስ። ኦሜፕራዞል ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ይወሰዳል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አሞክሲሲሊንም ላይስማማው ስለሚችል አስቀድሞ ይናገር። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ጠላም ሆነ አረቄ አይቅመስ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሁኔታዋን ለሐኪሙ ትንገር። መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ ሲደገም መዳናችን በእርግጥ ይታወቃል።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

የሚከተሉት ሲታዩ ነገ እሄዳለሁ አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ሰው ይጠራ።

ደም ማስታወክ፣ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፤ ይህ ከላይ የፈሰሰ ደም ምልክት ነው። የብረት ኪኒንና ቢዝመዝም ሰገራ ስለሚያጠቁሩ እነዚህን የሚወስድ ሰው ይህንኑ ይናገር። በድንገት እንደ ጩቤ የሚወጋ ሕመምና እንደ ሳንቃ የደረቀ ሆድ፤ ይህ ቁስሉ በስቶ ሊሆን ስለሚችል ምንም ሳይበሉና ሳይጠጡ ወዲያውኑ መሄድ ነው። ማዞርና ራስን መሳት።

ከዚህም ሌላ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ሲዋጥ አልወርድ ማለት፣ የበሉትን ሁሉ ማስመለስ ወይም ዕድሜ ከገፋ በኋላ አዲስ የጀመረ የጨጓራ ሕመም ካለ ቶሎ ለሐኪም መታየት ያሻል።

መከላከያው

ኤች ፓይሎሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘን በልጅነታችን፣ በቤታችን ውስጥ ነው። ከአፍ ወደ አፍ፣ በትውከትና በሰገራ በተበከለ እጅ፣ ምግብና ውሃ እንደሚተላለፍ ይታመናል። ጉርሻን ተዉ አንልም፤ ጉርሻ ከመስጠታችን በፊት ግን እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ለሕፃን ምግብ አኝኮ ማጉረስ ይቅር። የጀሪካኑ አፍ ይከደን፤ ውስጡም ይታጠብ። መጸዳጃ ቤቶቹን በንጽሕና እንያዝ። ከውሻና ከድመት ጋር የሚጫወቱ ልጆች ከምግብ በፊት ይታጠቡ። የውሃው ራሽን ትንሽ ሲሆን ከሁሉ በፊት የሚታጠበው እጅ ነው።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤ በስደት ላይ ብዙ ነገር ከእጃችን ወጥቷል። መቼ እንደምንመለስ አንወስንም፤ ራሽኑን አንወስንም። የጀመርነውን መድኃኒት መጨረስ፣ ያልለቀቀንን ሕመም ተመልሰን መናገር፣ የታመመ ጎረቤትን ይዞ መሄድ ግን በእጃችን ነው። ከዛሬ ጀምሮ «ሐሳብ ነው፤ ይለቀኛል» የሚል ሰው ስታገኙ «ሐሳቡም ይኖራል፤ አንተ ግን ተመርመር» በሉት። ልጆቻችሁንም በትምህርት ቤት ይህንኑ እናስተምራቸዋለን፤ ማታ ጠይቋቸው።